ትልቁ ዓሳ ለምን ወደ ባሕሩ ይመለሳል?

ጠጋ በሉኝ። ይህ ጮክ ተብሎ የሚወራ ወሬ አይደለም።

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ እስካል ከሚባለው የትናንሽ ጀልባዎች ማረፊያ፣ ለመዝናናት ዓሳ የሚያጠምዱ ሰዎችን ይዘን መውጣት ከጀመርን ዓመታት አለፉ። መጀመሪያ በረዶ ተሸካሚ ነበርኩ። ቀጥሎ ክርና መንጠቆ አሳሪ ሆንኩ። አሁን በእንግዳውና በናኹዳው መካከል አስተርጓሚ ነኝ። ናኹዳ በዚህ የባሕር ዳርቻ የጀልባው አዛዥ ነው። የእኛ ናኹዳ አባቶቻቸው ከየመን የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ "ዓሚ" እላቸዋለሁ፣ አጎቴ እንደማለት ነው። እንግዳ ከፊት፣ ጥላው ሥር ይቀመጣል። እኛ ከኋላ፣ ከሞተሩ ጎን ነን። ከኋላ የምንነጋገረውን የሞተሩ ድምፅ ስለሚውጠው ከፊት ላለው ሰው አይደርሰውም። ዛሬ የማካፍላችሁ ያንን የኋላውን ወሬ ነው።

የመጀመሪያውን ሹክ ልበላችሁ። ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ እስካል በሰው ይሞላል። ዓሚ እንግዳቸውን ወዴት እንደሚወስዱ የሚወስኑት ገና እግሩ ጀልባውን ሳይረግጥ ነው። ነፋሱን ያያሉ፤ ውኃውን ያያሉ፤ ከዚያ ሰውየውን ያያሉ። ይዞት የመጣው የበረዶ ሣጥን ምን ያህል እንደሆነ በዓይናቸው ይለካሉ። የመጀመሪያ ጥያቄውን ይሰማሉ። "ስንት ኪሎ ይወጣል?" ያለ እንግዳ ሁሉም ጀልባ ወደሚያውቀው፣ መንጠቆ ወደሰለቸው ቦታ ይሄዳል። "እዚህ ምን ምን ይኖራል?" ያለ ግን ዓሚ ፈገግ ብለው መሪውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲያዞሩለት አይቻለሁ። እንግዳው ዕድሉ የቀናለት ይመስለዋል። ያቀናችለት ግን ያቺ ጥያቄ ነበረች።

ከእስካል ሲወጣ ከፊት የተዘረጋው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ነው። ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሙሻ ደሴት አለች፤ ከጎኗ ማስካሊ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሻን ከታጁራው ሱልጣን የገዟት በ10 ጆንያ ሩዝ ነው። የዛሬውን ዋጋዋን ማወቅ የፈለገ ጎንበስ ብሎ ውኃውን ማየት ይበቃዋል፤ ከሥር ያለው ኮራል የባሕረ ሰላጤው የዓሳ ማሳደጊያ ነው። ይህን ቀደም ብለው የተረዱ ሰዎች ነበሩ። የሙሻ ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ1972፣ የማስካሊ ደቡባዊ ክፍል ደግሞ በ1980 ጥበቃ ተደረገላቸው። ጅቡቲ ነጻ የወጣችው በ1977 ስለሆነ የመጀመሪያው ጥበቃ ከመንግሥቱም በዕድሜ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የጥበቃ ሥፍራዎች ሕግ ሁለቱን ደሴቶች፣ በሰሜን በኩል ያሉትን ሰባቱን ወንድማማች ደሴቶችና ሌሎችንም አጠቃሎ ይዟል። ጠልቆ ዓሳ በጦር መውጋት፣ ኮራል መስበር፣ ዛጎል ለቅሞ መውሰድ እዚህ ክልክል ነው። ሕጉን የሚያስታውስ ሰው ግን ሁልጊዜ ባሕሩ ላይ አይገኝም። ያኔ ሕጉ የሚጠበቀው በናኹዳው ኅሊና ብቻ ነው።

አሁን አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ እዚህ በትራንዚት ሥራ የሚተዳደር ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ጀልባችንን ተከራየ። ረፋድ ላይ ዘንጉ ጎበጠ። ክሩን እየጠቀለለ፣ እየተንፈራገጠ፣ በመጨረሻ አንድ ዓሳ ወደ ላይ አመጣ። እንደ በርበሬ የቀላ፣ ከራሱ እስከ ጅራቱ በሰማያዊ ነጠብጣብ የተዘራ፣ ክንድ የሚያህል። እዚህ የሰፈሩ ፈረንሳዮች የዚህን ወገን ዓሳዎች ሜሩ ይሏቸዋል፣ ዓረቦቹ ሃሙር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ደግሞ "የኮራል ትራውት" የሚል ስም ያወጡለት ከዚሁ ወገን ነው። ጓደኞቹ እልል አሉ፤ ስልኮች ወጡ። ዓሚ ከኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ "ይመለስ" አሉኝ።

ስተረጉምለት ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። "ጋሼ፣ ከፍዬበታለሁ እኮ!" አለኝ።

"አውቃለሁ ወንድሜ፤ ፎቶህን አንሳ፤ ከዚያ ምክንያቱን እነግርሃለሁ" አልኩት።

ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልድገመው። የዚህ ዓሳ ኑሮ ከሌላው ይለያል። ዕድሜውን የሚጀምረው በሴትነት ነው፤ ወንድ የሚሆነው በኋላ፣ ከገዘፈ ወዲያ ነው። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ያጠኑ ተመራማሪዎች እንደጻፉት አንድ ትልቅ ወንድ ከ2 እስከ 12 ሴቶች ይዞ የራሱን የኮራል ግዛት ይጠብቃል። ወንዱ ሲጠፋ ከሴቶቹ ትልቋ ቀስ በቀስ ወደ ወንድነት ትለወጣለች። አንዴ ቢሆን ጉዳቱ ይሽራል። ግን በየሳምንቱ ጀልባ እየመጣ ትልቁን ብቻ መርጦ ካነሳ፣ ገና ብዙ እንቁላል መጣል የምትችለው ሴት ያለ ጊዜዋ ወንድ ለመሆን ትገደዳለች። እሷም ትነሳለች። ቀጣይዋም እንዲሁ። በመጨረሻ ድንጋዩ ላይ የሚቀሩት ትናንሾቹ ናቸው፤ ትንሽ ዓሳ ደግሞ የሚጥለው እንቁላል ጥቂት ነው። ከጀልባ ላይ ሲታይ ባሕሩ እንደድሮው ሰማያዊ ነው። ከሥሩ ግን ቤቱ አባወራውንም እመቤቱንም አጥቷል።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ዓሳውን በሁለት እጁ ከሆዱ በታች ደግፎ ውኃው ውስጥ አስገባው። ዓሳው ለአፍታ ቆመ፤ የመተንፈሻ ክዳኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፈተ፣ ዘጋ፤ ጅራቱን መታና ወደ ታች ጠለቀ። ያን ቀን ሲመለስ ስለያዘው ዓሳ ሳይሆን ስለለቀቀው ሲያወራ ነበር።

ትራውት የሚለው ስም ከተነሳ አይቀር፣ እውነተኛው ትራውት የቀዝቃዛና የጠራ ወንዝ ዓሳ ነው። በአፍሪካ የትውልድ አገሩ በሰሜኑ ያለው የአትላስ ተራራ ብቻ ነው። የእኛ የባሌ ተራሮች ወንዞች፣ ዌብና ደንካ፣ ትራውት አላቸው፤ ነገር ግን ያ ትራውት ከኬንያ ተጭኖ የመጣ እንግዳ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ አጥማጆች የአገራቸውን ተወላጅ ትራውት ለማዳን ማኅበር ያቋቁማሉ፣ ወንዝ ያጸዳሉ፣ ይዘው ይለቃሉ። እኛስ? የእኛ ተወላጅ ዓሳ የቱ ነው? ጅቡቲ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም፤ አዋሽም ባሕሩን ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ስለዚህ እዚህ ተወላጁ በኮራሉ ሥር ያለው ነው። አገር ቤት ደግሞ የጣናው ነጭ ዓሳ ነው።

ነጭ ዓሳን ላስታውሳችሁ፤ ለትራውት የሚታዘነውን ያህል ሊታዘንለት የሚገባ ፍጥረት ነው። ጣና ውስጥ በሌላ በየትም የማይገኙ 15 የነጭ ዓሳ ዝርያዎች አሉ። ከመካከላቸው 8ቱ፣ መንጋጋቸው ጥርስ ሳይኖረው፣ ሌላ ዓሳ አድነው የሚበሉ ናቸው። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ስብስብ ስለጠፋ በዓለም ሐይቆች ውስጥ የቀረን ይህ ብቻ ነው ይባላል። ብዙዎቹ እንደ ትራውት ናቸው፤ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ሽቅብ ይወጣሉ፤ የጠራ ውኃ የሚሮጥበት ጠጠር ፈልገው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው እናቶቹን እንቁላላቸውን ሳይጥሉ ያገኛቸዋል። አንዳንዱም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ላይ ይበትናል፤ ትልቁም ትንሹም አብሮ ይንሳፈፋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት 10 ዓመታት የነጭ ዓሳ ምርት በክብደት 75 በመቶ መውደቁን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ክብሩ ደስ ይላል፤ በወንዙ አፍ ያለውን መረብ የሚያነሳው ግን ሰው ነው።

ወደ ጀልባችን እንመለስ። ዓሳ መልቀቅ መልካም ነው ስንል ከፊት ያለው እንግዳ የማያየው አንድ ነገር አለ፤ የተለቀቀ ሁሉ አይተርፍም። በ30 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት ከላይኛው 4 እጥፍ ነው። ሜሩ ከዚያ ሲጎተት ሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት እየተነፋ ይመጣል። ጀልባው አጠገብ ሲደርስ ዓይኑ ይፈጥጣል፣ ከአፉም አንድ ሮዝ ነገር ይወጣል። ብዙ ሰው ምላሱ ይመስለዋል፤ ጨጓራው ነው። እንዲህ ያለውን ዓሳ ወደ ባሕሩ ቢወረውሩት እንደ ፊኛ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ የባሕር ወፍ ያገኘዋል። ለዚህ እኛ አንድ ቀላል ዕቃ አለን፦ የለስላሳ ጠርሙስ የሚደረደርበት ፕላስቲክ ሣጥን። ገመድና እርሳስ ታስሮበት፣ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ ዓሳው ላይ ይወርዳል። ዓሳው ከሣጥኑ ሥር ሆኖ አብሮ ይሰምጣል፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ግፊቱ አየሩን መልሶ ይጨምቅለታል። ከዚያ በራሱ ይዋኛል፤ ባዶውን ሣጥን እንስባለን። ይህ ሣጥን ያለው ጀልባ ስታዩ፣ ባለቤቱ ስለነገው የሚያስብ ሰው መሆኑን እወቁ።

ሌላም አለ። መንጠቆ ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ እሾህ አለችው፤ ዓሳው እንዳያመልጥ የምትይዘው እሷ ናት፣ ሲነቀል አፉን የምትቀደውም እሷው ናት። ዓሚ እንግዳ ሳይመጣ በፒንሳ ይጨፈልቋታል። ክሩ ሳይላላ ለጠቀለለ ሰው ዓሳው ብዙም አያመልጥም፤ ሲለቀቅ ግን መንጠቆው በአንድ እጅ እንቅስቃሴ ይወጣል። ዓሳውን የሚነካ እጅ መጀመሪያ ባሕር ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ደረቅ እጅ ገላውን የሚሸፍነውን ልስልስ ሽፋን ይገፍፈዋል፣ ያ ሽፋን ደግሞ ከበሽታ መከላከያው ነው። የጀልባው ወለል በቀትር እንደ ምጣድ ስለሚግል ዓሳ እዚያ አይጣልም። ፎቶ የሚነሳውም አንድ ሰው ትንፋሹን መያዝ ለሚችልበት ያህል ብቻ ነው። ቀጭን ክር ይዞ ዓሳን ለረጅም ጊዜ መታገል ጀግንነት የሚመስላቸው አሉ። የሞቀ ውኃ ኦክስጅኑ ትንሽ ነው፤ በተለይ የኸምሲን ነፋስ በሚነፍስባቸው የሙቀት ወራት እስኪዝል የታገለ ዓሳ ቢለቀቅም ላያገግም ይችላል። ወፈር ያለ ክር ቶሎ ያወጣዋል፣ ቶሎም ይመልሰዋል።

አሁን ስናገረው የሚከብደኝን ልንገራችሁ። ሥራውን በጀመርኩባቸው ዓመታት ዓሚ አንድ ቦታ አሳዩኝ። በዓመቱ በተወሰነ ጊዜ፣ ጨረቃዋ ስትደርስ፣ ሜሩዎች ከየድንጋያቸው ወጥተው እዚያ ይሰበሰባሉ፤ የሚራቡት እዚያ ነው። "ይህን ያየ ዓይን አፍ የለውም" አሉኝ። እኔ ግን ወጣት ነበርኩ፤ አዋቂ መባል ፈለግሁ። አንድ ምሽት ሻይ እየጠጣን ቦታውን ለአንድ ሰው ነገርኩ። ያ ሰው ስልኩ ላይ ምልክት አደረገ። በሚቀጥለው የሜሩዎቹ ስብሰባ አራት ጀልባ እዚያ ቆሞ አገኘን። ሣጥኖቹ ሞልተው ነበር፤ የብዙዎቹ ዓሳዎች ሆድ በእንቁላል ተወጥሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ወቅቱን ጠብቀን ስንሄድ ክራችን ባዶውን ይመለሳል። ዓሚ አንድም ቃል አልተቆጡኝም፤ ቦታው ላይ ስናልፍ ግን ፊታቸውን ያዞራሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬ የአያያዝ ጥበቤን ሁሉ እየዘረገፍኩላችሁ አንድም የማጥመጃ ቦታ ስም ያልጠራሁት ለዚህ ነው።

"ታዲያ ምን እንብላ?" ለምትሉ፣ መልሱ ከተማው ውስጥ ነው። ጅቡቲ የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሙክባሳን ያውቃል፤ በጀርባው ተሰንጥቆ፣ ቅመም ተቀብቶ፣ በሸክላ ምድጃ የተጠበሰ፣ ከትኩስ ቂጣ ጋር የሚቀርብ የየመኖች ዓሳ። ለመብል ከሆነ ዓሚ የሚመርጡት ደራክን ነው፤ ፈረንሳዮቹ ታዛር ይሉታል። ደራክ በገላጣው ባሕር የሚሮጥ፣ ከየመንና ከሶማሊያ ዳርቻ ጋር የምንጋራው፣ በፍጥነት የሚያድግ ዓሳ ነው፤ ለአንድ ድንጋይ ተጣብቆ እንደሚኖረው ሜሩ አይደለም። እሱም ቢሆን ወሰን አለው። ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሳይደርስ ለመራባት ስለማይበቃ ትንሹን እንለቃለን። ለአንድ ቤተሰብ ምሳ አንድ ደራክ ይበቃል። አምስት ይዞ ሦስቱን በሙቀት ማበላሸት ነውር ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ከሄዳችሁ በአርታ ባሕር ዳርቻ በኩል ትልቁን እንግዳ፣ የዓሣ ነባሪ ሻርክን ልታዩ ትችላላችሁ። እዚህ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ያላደጉ፣ ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚሆኑ ናቸው፤ ውኃው ገጽ ላይ አፋቸውን ከፍተው ጥቃቅን ፍጥረታትን ያጠልላሉ። ቀረብ ብሎ ጀርባቸውን ያየ የጀልባ ሞተር የቆረጠበትን ጠባሳ ያገኛል። ስለዚህ እነሱ ባሉበት ክር አንጥልም፤ የሞተሩንም ፍጥነት እንቀንሳለን።

በመጨረሻ ከኋላ የሚወራውን ዋና ነገር ላንሾካሹክላችሁ። ዓሚ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚህ ባሕር ነው። አንድ ትልቅ ሜሩ ገበያ ላይ የሚሸጠው አንዴ ነው። ድንጋዩ ላይ በሕይወት እያለ ግን በየዓርቡ ሊያየውና ሊይዘው የሚመጣ እንግዳ የጀልባ ኪራይ ይከፍላል፤ ነዳጅ ሻጩ፣ በረዶ ሻጩ፣ እኔም ከዚያ እንበላለን። የናኹዳው አመል ግን እንግዳውን ይከተላል። እናንተ የተሰቀለ ዓሳ ፎቶ ከፈለጋችሁ እሱ ይሰቅልላችኋል። እናንተ የሚለቅ ጀልባ ከፈለጋችሁ ለመልቀቅ ይማራል።

ስለዚህ እስካል ስትመጡ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የመንጠቆው እሾህ ተጨፍልቋል ወይ? ከጥልቅ የወጣውን ዓሳ መመለሻ ሣጥን አላችሁ ወይ? ትልቁን ሜሩ ትመልሳላችሁ ወይ? ለሦስቱም "አዎ" ያለ ናኹዳ ካገኛችሁ ከዋጋው ብዙ አትከራከሩት። ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር ከተማ ስትሄዱም ጥያቄው ያው ነው፦ በክረምት ነጭ ዓሳ የሚሸጥላችሁን ሰው ከየትኛው ወንዝ አፍ እንዳመጣው ጠይቁት፤ ሆዷ በእንቁላል የሞላውንም አትግዙ። ፎቶውን ለራሳችሁ ያዙት፤ ቦታውን ለማንም አትንገሩ፤ ትልቁን ዓሳ ለልጆቻችሁ ተዉላቸው።